ዌብሜይል አልከፈት ሲል፦ የሥራ ኢሜይላችሁን መልሳችሁ የምትከፍቱበት ቅደም ተከተል

ዌብሜይል (በብራውዘር የሚከፈተው ኢሜይል) አልከፈት ሲል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ፓስወርድ ወደ መቀየር ነው። ነገሩ የሚወሳሰበውም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ላይ ነው። ችግሩ የኔትወርክ ወይም የሰርቨር (ኢሜይሉን የሚያስተናግደው ኮምፒውተር) ከሆነ አዲሱም ፓስወርድ አያስገባም። በዚያ ላይ አሮጌው ፓስወርድ የተቀመጠበት ስልክ ሳታውቁት በየጥቂት ደቂቃው ልግባ ይላል፤ አንዳንድ ሰርቨሮች ይህን እንደ ጥቃት ቆጥረው አካውንቱን፣ አልፎ ተርፎም የመሥሪያ ቤቱን የኢንተርኔት መስመር በሙሉ ያግዳሉ። አንድ የነበረው ችግር ሁለት ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ እዚህ ፓስወርድ የምንነካው ደረጃ 5 ላይ ነው። ቅደም ተከተሉን የሚሰብረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ፓስወርዳችሁን ሐሰተኛ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ሊሆን እንደሚችል ከጠረጠራችሁ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ወደ ታች «ፓስወርዱ ተሰርቆ ከሆነ» ወደሚለው ክፍል ሂዱ።

## ከመነካካታችሁ በፊት

1. በሌላ ታብ የጀመራችሁት ያልተላከ ኢሜይል ካለ ገጹን አትዝጉት፣ ሪፍሬሽም አታድርጉት። ጽሑፉን ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ከታች ካሉት እርምጃዎች በርከት ያሉት ያንን ጽሑፍ ያጠፉታል።
2. የስህተቱን ገጽ ስክሪንሹት አንሱ። የላይኛው አድራሻና የኮምፒውተሩ ሰዓት አብረው ይታዩ። ገጹ ግርጌ ላይ ረጅም የቁጥርና የፊደል ሰንሰለት ካለ እሱም አይቆረጥ፤ ለአይቲ ባለሙያው ከእናንተ ማብራሪያ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።
3. ሁለተኛ የኢንተርኔት መንገድ አዘጋጁ። የስልክ ሞባይል ዳታ ይበቃል።
4. የዌብሜይሉን ትክክለኛ አድራሻ ከአይቲ ክፍል ወይም ሁልጊዜ ከሚገባ የሥራ ባልደረባ ውሰዱ። ጉግል ላይ ፈልጋችሁ ባገኛችሁት ሊንክ አትግቡ፤ የኢሜይል መግቢያ የሚመስሉ ሐሰተኛ ገጾች በፍለጋ ውጤትና በማስታወቂያ መልክ ይመጣሉ።

## ደረጃ 1፦ ችግሩ የእናንተ ብቻ ነው ወይስ የሁሉም?

አጠገባችሁ ያለውን ሰው «ኢሜይልህ ይከፍታል?» ብላችሁ ጠይቁ። ለሁሉም ካልከፈተ እጃችሁን ሰብስቡ፤ ከእናንተ በኩል የሚስተካከል ነገር የለም። መሥሪያ ቤቱ ማይክሮሶፍት 365 ወይም ጉግል ወርክስፔስ የሚጠቀም ከሆነ ሁለቱም አገልግሎቱ መቋረጡን የሚያሳውቁበት የራሳቸው ገጽ አላቸው፤ አድሚኑ (አካውንቶቹን የሚያስተዳድረው ባለሙያ) እዚያ ማየት ይችላል። መሥሪያ ቤቱ ኢሜይሉን በተከራየው ሰርቨር ላይ የሚያስተዳድር ከሆነና ድረ ገጹም ኢሜይሉም አንድ ላይ ከጠፉ ደግሞ ከሚጠረጠሩት አንዱ የዶሜኑ (የድረ ገጹ ስም) ክፍያ ሳይታደስ መቅረቱ ነው።

ለሌሎች ከፍቶ ለእናንተ ብቻ እምቢ ካለ ስልካችሁ ላይ ያለውን የኢሜይል አፕ እዩ። አዲስ መልእክት እየመጣለት ከሆነ ሳጥኑ አለ፣ አካውንቱም አልተዘጋም ማለት ነው። ግን ከዚህ በላይ አትገምቱ። አፑ ድሮ በተሰጠው ፈቃድ ሊሠራ ስለሚችል፣ መሥራቱ ብቻውን እናንተ የምታስታውሱት ፓስወርድ ትክክል ነው ማለት አይደለም።

## ደረጃ 2፦ የገባችሁበት በር ትክክለኛው ነው?

አድራሻውን በእጃችሁ እንደገና ጻፉት። ፌቨሪት ላይ ያስቀመጣችሁትን ሊንክ ለጊዜው ተዉት፤ አንዳንዱ ያለፈበት የመግቢያ ገጽን ይዞ ይቀመጥና በየጊዜው ስህተት ያመጣል።

ማይክሮሶፍት 365 ከሆነ፦ የሥራ መግቢያው «አውትሉክ ነጥብ ኦፊስ ነጥብ ኮም» ነው። «አውትሉክ ነጥብ ላይቭ ነጥብ ኮም» የግል አካውንት በር ነው። ሁለቱ ገጾች መልካቸው ስለሚመሳሰል ሰው በግሉ በር ቆሞ «እንዲህ ያለ አካውንት የለም» ሲባል አካውንቴ ተሰረዘ ብሎ ይደነግጣል።

ጉግል ወርክስፔስ ከሆነ፦ በሩ የተለመደው ጂሜይል ነው። የሚሳሳተው አብዛኛውን ጊዜ አካውንቱ ነው፤ በቀኝ በኩል ከላይ ያለውን ክብ ምስል ተጭናችሁ በየትኛው አድራሻ እንደገባችሁ አረጋግጡ።

ሲፓነል (የሰርቨር ማስተዳደሪያ ፕሮግራም) ባለው የተከራየ ሰርቨር ከሆነ፦ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ከዶሜኑ ፊት «ዌብሜይል ነጥብ» መጻፍ ነው። ሌላው ከዶሜኑ ኋላ የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ («:») እና 2096 ቁጥር መጨመር ነው። በ2095 የሚከፍተው ያልተመሰጠረው ስለሆነ እሱን አትጠቀሙ። ብዙ የቢሮና የሆቴል ዋይፋዮች እነዚህን ቁጥሮች ይዘጋሉ፤ በሞባይል ዳታ የሚከፍተው ገጽ በዋይፋይ ዝም ብሎ የሚሽከረከር ከሆነ በመጀመሪያው መንገድ ግቡ፣ ነገሩ ያልቃል።

## ደረጃ 3፦ ስህተቱ ምን እያለ ነው?

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ሌላው ሁሉ የሚወሰነው ከዚህ ነው።

### ገጹ ጭራሽ አልመጣም

ብራውዘሩ «ገጹ ሊገኝ አልቻለም» ወይም «ለረጅም ጊዜ ጠብቄ መልስ አጣሁ» የሚል ዓይነት መልእክት ካመጣ ፓስወርዳችሁን የጠየቀው አካል ገና የለም።

1. ሌላ ድረ ገጽ ክፈቱ። እሱም እምቢ ካለ ችግሩ ኢንተርኔቱ ነው።
2. ሌላው ከከፈተ አድራሻውን ፊደል በፊደል ተመልከቱ። በአንድ ነጥብ ፋንታ ነጠላ ሰረዝ መግባቱ የተለመደ ነው።
3. ወደ ሞባይል ዳታ ቀይሩ። እዚያ ከከፈተ የቢሮው ኔትወርክ ወይም የቢሮው አይፒ አድራሻ (መስመሩ ኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) ታግዶ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ለአይቲ ንገሩ።
4. ቪፒኤን ካለ አጥፍታችሁ ሞክሩ። መሥሪያ ቤቱ ያለ ቪፒኤን አያስገባም ከተባለ ደግሞ አብርታችሁ ሞክሩ። ሁለቱም ይደርሳል።
5. መሥሪያ ቤቱ ሰሞኑን ሰርቨር ከቀየረ የእናንተ ኮምፒውተር የድሮውን አድራሻ ይዞ ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተሩንና ራውተሩን አጥፍታችሁ አብሩ። ካልሆነ እስከ 48 ሰዓት መጠበቅ ሊያስፈልግ ይችላል።

### «ግንኙነቱ ደህንነቱ የተጠበቀ አይደለም»

ቀይ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ «ቢሆንም ቀጥል» የሚለውን ተጭኖ ፓስወርድ ማስገባት ትልቁ ስህተት ነው። ማስጠንቀቂያው የሚለው «ከማን ጋር እንደምታወሩ ማረጋገጥ አልቻልኩም» ነው። መጀመሪያ የኮምፒውተሩን ቀንና ዓመት እዩ፤ ባትሪው የደከመ ኮምፒውተር ቀኑን ወደ ኋላ ይመልስና ትክክለኛውን ሰርተፍኬት (የድረ ገጹን ማንነት የሚያረጋግጠው ዲጂታል ሰነድ) ሐሰተኛ ያስመስለዋል። ቀጥሎ ያላችሁበት ዋይፋይ የራሱ የመግቢያ ገጽ እንዳለው አጣሩ፤ እሱን ሳታልፉ ዌብሜይል ስትከፍቱ ይኸው ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ቀኑ ትክክል ሆኖ፣ በሞባይል ዳታም ያው ከሆነ፣ የሰርቨሩ ሰርተፍኬት ጊዜው አልፎ ሊሆን ይችላል። እሱን የሚያድሰው አድሚኑ ነው፤ እስኪታደስ አትግቡ።

### ቁጥር ያለው ስህተት

- 400፦ የተጠራቀሙ ኩኪዎች (ድረ ገጾች ብራውዘሩ ላይ የሚያስቀምጧቸው ትንንሽ መረጃዎች) ሲበዙ ሊመጣ ይችላል። ወደ ደረጃ 4።
- 401፦ ስምና ፓስወርዱ ተቀባይነት አላገኘም። ወደ ደረጃ 5።
- 403፦ ሰርቨሩ ሰምቷችኋል፣ ግን ከልክሏችኋል። ያላችሁበት ቦታ፣ ኔትወርኩ ወይም ቪፒኤኑ ነው የሚጠረጠረው። ፓስወርድ መቀየር እዚህ ምንም አይፈይድም።
- 404፦ አድራሻው ተሳስቷል ወይም ተቀይሯል። ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ።
- 429፦ በአጭር ጊዜ ብዙ ሞከራችሁ። መሞከር አቁሙ፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ሙከራ ጥበቃውን ሊያራዝመው ይችላል።
- 440፦ በማይክሮሶፍቱ ዌብሜይል ላይ የሚታይ ነው፤ ገጹ ክፍት ሆኖ ብዙ ስለቆየ የመግቢያ ጊዜው አልቋል። ታቡን ዝጉና እንደ አዲስ ግቡ።
- 500፣ 502፣ 503፣ 504፦ ሕመሙ ያለው ሰርቨሩ ላይ ነው። አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቁ፣ አንዴ ሞክሩ፣ ካልሆነ ለአይቲ አሳውቁ። ሪፍሬሽ መደብደብ የተጨናነቀውን ሰርቨር ያባብሰዋል።

### ትገባላችሁ፣ መልሶ ያስወጣችኋል

ፓስወርዱን ተቀብሎ እንደገና መግቢያ ገጹ ላይ ከጣላችሁ፣ ወይም ብራውዘሩ «ገጹ ብዙ ጊዜ እያዞረኝ ነው» ካለ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የብራውዘሩ ነው። ቀጥሉ።

## ደረጃ 4፦ ብራውዘሩን መፈተሽ

1. የግል መስኮት ክፈቱ። በክሮምና በኤጅ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤን አንድ ላይ፤ በፋየርፎክስ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ፒ። ዌብሜይሉን እዚያ ሞክሩ።
2. እዚያም ያው ስህተት ከመጣ የዚህን ደረጃ ቀሪ ክፍል ዝለሉት።
3. እዚያ ከከፈተ የዚያን ድረ ገጽ ኩኪ ብቻ አጥፉ። ከአድራሻው በስተግራ ያለውን ትንሽ ምልክት ተጫኑ፣ የኩኪና የገጽ ዳታ የሚለውን ምረጡ፣ አጥፉ፣ ብራውዘሩን ዘግታችሁ ክፈቱ።
4. አሁንም በተለመደው መስኮት እምቢ ካለ የተጫኑትን ኤክስቴንሽኖች (ብራውዘሩ ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች)፣ በተለይ ማስታወቂያ የሚያግዱትን፣ አንድ በአንድ እያጠፋችሁ ሞክሩ። በአንዴ ሁሉንም ብታጠፉ የትኛው እንደነበር አታውቁም።

ጥንቃቄ፦ «የብራውዘሩን ታሪክ ሁሉ አጥፋ» የሚለው ምክር በየቦታው ይነገራል፤ እኔ አልመክረውም። ከአብዛኞቹ አካውንቶቻችሁ ያስወጣችኋል፣ የተቀመጡ ፓስወርዶች የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ካለ ደግሞ እነሱንም ይጠርጋል። የአንድ ገጽ ኩኪ ለማጥፋት ያን ያህል ኪሳራ አያስፈልግም።

የግልና የሥራ አካውንት በአንድ ብራውዘር የምትጠቀሙ ከሆነ ለሥራው የተለየ ፕሮፋይል ክፈቱለት። ብራውዘሩ የሥራውን ገጽ በግል አካውንታችሁ ለመክፈት እየሞከረ «ፈቃድ የላችሁም» ማለቱ ከተለመዱት ችግሮች አንዱ ነው።

## ደረጃ 5፦ አሁን ፓስወርዱ

### መጀመሪያ አጻጻፉን

የዓይን ምልክቱን ተጭናችሁ የጻፋችሁትን እዩት። ነጠብጣቦቹን አትመኑ። ከዚያ እነዚህን አጣሩ፦

- ካፕስ ሎክ በርቷል? ኪቦርዱ ወደ ሌላ ቋንቋ ዞሯል?
- ስልክ ላይ ከሆናችሁ የመጀመሪያውን ፊደል ራሱ ትልቅ አድርጎታል? የኢሜይል አድራሻውን በጥቆማ ሲሞላ መጨረሻው ላይ ባዶ ቦታ ጨምሯል? ባዶ ቦታው ለዓይን አይታይም። ጠቋሚውን መጨረሻ ላይ አድርጋችሁ አንዴ አጥፉ፤ የጠፋው ፊደል ካልሆነ ባዶ ቦታ ነበር ማለት ነው።
- ብራውዘሩ የሞላላችሁ አሮጌውን ፓስወርድ ነው? ሳጥኑን ባዶ አድርጋችሁ በእጃችሁ ጻፉ።
- ስሙን እንዴት ነው የጻፋችሁት? በተከራዩ ሰርቨሮች ላይ ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው ሙሉው የኢሜይል አድራሻ ነው፤ የፊተኛው ክፍል ብቻውን አይበቃም።

### ከሦስት ሙከራ በኋላ አቁሙ

ማይክሮሶፍት 365 በነባሪ ቅንብሩ ከ10 የተሳሳቱ ሙከራዎች በኋላ መጀመሪያ ለ1 ደቂቃ ይቆልፋል፤ ስህተቱ ከቀጠለ የመቆለፊያው ጊዜ እየረዘመ ይሄዳል። በተከራዩ ሰርቨሮች ያለው ጠባቂ ደግሞ አይፒ አድራሻውን ያግዳል፤ የእናንተ ግምት የክፍሉን ሠራተኛ ሁሉ ከኢሜይል ያስወጣል። በሞባይል ዳታ እየገባ በቢሮ ዋይፋይ እምቢ ካለ ይህ ደርሶ ሊሆን ይችላል።

በማይክሮሶፍት ገጽ ላይ ከስህተቱ ጋር ባለ 5 አሃዝ ቁጥር ካለ ትርጉሙ ይህ ነው፦

- 50126፦ ስሙ ወይም ፓስወርዱ ስህተት ነው።
- 50053፦ አካውንቱ ለጊዜው ተቆልፏል፣ ወይም የምትገቡበት አይፒ ተጠርጥሯል። ጠብቁ።
- 50055፦ ፓስወርዱ ጊዜው አልፏል። መቀየር ተገቢ የሚሆነው እዚህ ነው።
- 50057፦ አካውንቱ ተዘግቷል። የሚከፍተው አድሚን ብቻ ነው።
- 53003፦ ፓስወርዱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የከለከላችሁ የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ነው። ያላችሁበትን ቦታና መሣሪያ ለአይቲ ንገሩ።

### መቀየሩ ግድ ከሆነ

1. የሥራ ኢሜይሉ ያለባቸውን ስልኮችና ሌሎች ኮምፒውተሮች ዘርዝሩ። ቤት የተቀመጠችውን አሮጌ ታብሌት አትርሱ።
2. ሁሉንም ለጊዜው ከኢንተርኔት አውጡ፣ ወይም አካውንቱን ከኢሜይል አፑ አንሱ።
3. ፓስወርዱን ከመግቢያ ገጹ «ፓስወርድ ረሳሁ» ወይም በአድሚኑ በኩል ቀይሩ። በኢሜይል በመጣ ሊንክ አትቀይሩ፣ እናንተ ራሳችሁ ያን ጊዜ የጠየቃችሁት ካልሆነ በቀር።
4. በግል መስኮት አንዴ ግቡ። መግባቱን ካረጋገጣችሁ በኋላ ብራውዘሩ ያስቀመጠውን አሮጌ ፓስወርድ አስተካክሉ።
5. መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ አዲሱን ፓስወርድ እያስገባችሁ መልሱ።

## ደረጃ 6፦ የማረጋገጫ ኮዱ

ከፓስወርዱ በኋላ ኮድ የምትጠየቁ ከሆነ፣ የማረጋገጫ አፑ የሚሰጠው ባለ 6 አሃዝ ኮድ በየ30 ሰከንዱ ይቀየራል፤ የሚሰላውም ከስልኩ ሰዓት ነው። ኮዱ ሁልጊዜ ስህተት ነው ከተባላችሁ የስልኩን ቀንና ሰዓት «በራሱ ይስተካከል» የሚለው ላይ አድርጉት። ሊያልቅ የተቃረበውን ኮድ አትሽቀዳደሙት፣ አዲሱን ጠብቁ።

ስልክ ቀይራችሁ ከሆነ አፑን መጫን ብቻውን ኮዱን ላያመጣ ይችላል፤ ካላመጣ አካውንቱ እንደ አዲስ መመዝገብ አለበት። አሮጌው ስልክ በእጃችሁ ካለ እሱን ሳታጸዱ አዲሱን አስመዝግቡ። ከሌለ የተጠባባቂ ኮድ ፈልጉ፤ ጉግል 10 ኮዶች ይሰጣል፣ እያንዳንዱ ባለ 8 አሃዝ ነው፣ አንዴ ብቻ ይሠራል። እሱም ከሌለ አድሚኑ የቀድሞውን ምዝገባ እንዲሰርዝላችሁ ጠይቁ።

ሳትጠይቁ የ«ፍቀድ» ጥያቄ ስልካችሁ ላይ ከመጣ አትፍቀዱ። ሌላ ሰው ፓስወርዳችሁን ይዞ ከበሩ ቆሟል ማለት ሊሆን ይችላል።

## ደረጃ 7፦ ገብታችኋል፣ ግን ኢሜይሉ አይሠራም

ሳጥኑ ሞልቷል። የሚልኩላችሁ ሰዎች 5.2.2 የሚል ቁጥር ያለው መልስ ይመጣባቸዋል። መልእክት ለማጥፋት ስትሞክሩ እምቢ የሚልበት ጊዜም አለ፤ የሚጠፋው መልእክት መጀመሪያ ወደ ቆሻሻ ፎልደር ስለሚገለበጥ ለእሱም ቦታ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከቆሻሻ ፎልደሩ ጀምሩ፣ ባዶ አድርጉት። ቀጥላችሁ የተላኩ መልእክቶች ውስጥ ግቡና ትልልቅ አባሪ ያላቸውን ፋይሉን አስቀርታችሁ አጥፉ። ሰው ኢንቦክሱን ሲያጸዳ ይውላል፣ የተላከው ፎልደር ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

ኢንቦክሱ ባዶ ነው ወይም ከአንድ ቀን በኋላ ያለው የለም። የመጨረሻው መልእክት የደረሰበትን ቀን እዩ። መሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ከቀየረበት ቀን ጋር ከገጠመ ያላችሁት በድሮው ሰርቨር ነው። ከዚያ ሆናችሁ ምንም አትላኩ፣ አዲሱን አድራሻ ጠይቁ።

«የመልእክት ሳጥን አልተገኘም» ይላል። አካውንቱ አለ፣ የኢሜይል ፈቃድ ግን አልተሰጠውም ወይም ተነስቶበታል። አዲስ ሠራተኞችና ክፍል የተቀየሩ ሰዎች ላይ ይበዛል። የአድሚን ሥራ ነው።

አባሪ ሲጨመር 413 ይላል። ፋይሉ ከተፈቀደው መጠን በላይ ነው። በሊንክ ላኩት።

## ፓስወርዱ ተሰርቆ ከሆነ

እዚህ ፍጥነት ከቅደም ተከተል ይበልጣል።

1. ከማትጠረጥሩት መሣሪያ ፓስወርዱን ቀይሩ። መግባት ካልቻላችሁ ወዲያውኑ ለአይቲ ደውላችሁ አካውንቱን አስዘጉ።
2. ከሁሉም መሣሪያ አስወጣ የሚለውን አማራጭ ተጠቀሙ። ፓስወርድ መቀየር ብቻውን ቀድሞ የገባውን ሰው ላያስወጣው ይችላል።
3. የኢሜይል ማስተላለፊያና የማጣሪያ ደንቦችን ክፈቱ። የማታውቁት አድራሻ፣ ወይም መልእክቶችን ወደ ሌላ ፎልደር የሚደብቅ ደንብ ካለ ስክሪንሹት አንስታችሁ አጥፉት።
4. የማረጋገጫ ስልክ ቁጥሩና አፑ የእናንተ መሆናቸውን እዩ።
5. ከእናንተ የተላከ የሚመስል መልእክት ከደረሳቸው እንዳይከፍቱ ባልደረቦቻችሁን በስልክ አስጠንቅቁ። በኢሜይሉ አይደለም።

## ለአይቲ ክፍል የምትልኩት

«ኢሜይሌ አይሠራም» የሚል ጥያቄ ግማሽ ቀን በመጠያየቅ ያልፋል። እንዲህ ያለው ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ምልልስ ይቋጫል፦

> ዛሬ ከ9፡40 ጀምሮ ዌብሜይል 403 ይላል። በቢሮ ዋይፋይ በክሮምም በፋየርፎክስም፣ በግል መስኮትም ያው ነው። በሞባይል ዳታ ግን ይገባል። አጠገቤ ያሉት ሁለት ባልደረቦችም ተመሳሳይ ነው። ፓስወርድ አልቀየርኩም። ስክሪንሹቱ ተያይዟል።

ሰዓቱን በኮምፒውተሩ ጥግ ላይ በሚታየው አቆጣጠር ጻፉ፤ ባለሙያው የሰርቨሩን መዝገብ የሚያመሳክረው በእሱ ነው። ፓስወርዱን ወይም የማረጋገጫ ኮዱን አትጻፉ። ትክክለኛ የአይቲ ሠራተኛ አይጠይቃችሁም፤ ከጠየቃችሁም ስልኩን ዘግታችሁ በምታውቁት የቢሮ ቁጥር መልሳችሁ ደውሉ።